ጣሪያዬ ላይ ሶላር ላስገጥም ነው፤ ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቅ?

ማሂ ፍራንኮ | ኅዳር 12፣ 2018

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነን። ቤታችን ኤል ቅርጽ ያለው የብሎኬት ቤት ነው፤ ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለው። ቆርቆሮው ከተመታ 14 ዓመት ሆኖታል።

ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ማክሰኞ ጠዋት የሄደ መብራት ሐሙስ ማታ መጣ። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሥጋ ለውሻ ሆነ። ልጄ የቤት ሥራዋን በስልክ ባትሪ ነው የሠራችው። ውጭ የሚኖር ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ «በቃ ሶላር አስገጥሚ፣ ብሩን እልካለሁ» አለኝ። እሱ ባለበት አገር ሰው ጣሪያው ላይ ያስገጥምና የተረፈውን ኃይል መልሶ ይሸጣል አሉ። «ገቢም ይሆንሻል» ብሎኛል።

አንድ ሻጭ መጣ። የግቢው በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየና «10 ፓኔል፣ 5 ኪሎዋት ይበቃሻል» አለ። መሰላል አልጠየቀም። ምን ምን እንደምንጠቀምም አልጠየቀም። ግማሹን ቅድሚያ ካስገባሁ በሦስት ቀን ይጨርሳል። ብሩ ደርሷል፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ያስገጠማችሁ ካላችሁ ምን ልበለው?

ዲናሞ | ኅዳር 12

ጄነሬተር ግዢና ተገላገዪ።

ኮርኒስ | ኅዳር 12

ዲናሞ፣ ማታ ማታ ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጠው ያንተ ነው እንዴ? በ2017 መሬቱ የተንቀጠቀጠ ጊዜ እኛ ያንተ ጄነሬተር መስሎን ከቤት አልወጣንም።

የሽቦ ሰው | ኅዳር 12

እህቴ፣ እጅሽ ያልታዘዘው ልክ ነው። ከበር ላይ ሆኖ ጣሪያ የሚለካ ሰው ቤትሽን ሳይሆን ቦርሳሽን ነው የለካው። እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ ሶላርም እገጥማለሁ። ሥራ ፍለጋ እንዳይመስልብኝ፣ አሁን አዳማ የለሁም።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግሽው ለይ። መብራት ሲሄድ እንዳትቸገሪ ነው ወይስ ቢልሽ እንዲቀንስ? ሁለቱ የተለያየ ዕቃ ነው የሚፈልጉት።

ባትሪ የሌለው ዓይነት አለ። ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ተጣምሮ ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይጠፋል። ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ 10 ፓኔል ጣሪያሽ ላይ ተዘርግቶ ፍሪጅሽ ቀጥ ይላል። ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ምሰሶ ላይ ወጥቶ መስመር የሚጠግነው ልጅ «ኃይል የለውም» ብሎ ሲነካው ካንቺ ጣሪያ የሄደ ኤሌክትሪክ እንዳይገድለው ነው።

መብራት ሲሄድ የሚያገለግልሽ ባትሪ ያለው ነው፤ ሃይብሪድ የሚሉት። ፀሐይም ባትሪም መስመርም ይቀበላል፣ መብራት ሲጠፋ ከመስመሩ ራሱን ቆርጦ ቤቱን ብቻውን ይይዛል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከመስመሩ ጭራሽ ይለያል። ከተማ ውስጥ ቆጣሪ ላለው ሰው እሱን አልመክርም።

ማሂ ፍራንኮ | ኅዳር 13

ወይ ጉድ። አሁን ደውዬ «ባትሪ አለው ወይ?» ስለው «በኋላ ይጨመራል» አለኝ።

የሽቦ ሰው | ኅዳር 13

ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው ሳጥን፣ ባትሪ የሚቀበል ዓይነት ካልሆነ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም፤ ኢንቨርተሩን ጥለሽ ሌላ መግዛት ነው። ሞዴሉን በጽሑፍ ይላክልሽ።

መሸጥ ያልሽውን በተመለከተ፣ ወደ ውጭ የወጣውን ኃይል ቆጥሮ የሚከፍልሽ ውል እጅሽ ላይ ሳይኖር «ገቢ» የምትለዋን ቃል ከሂሳብሽ አውጪያት። ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ አቅጣጫ አይለይም። የሰጠሽውንም እንደበላሽው አድርጎ ይቆጥርብሻል።

ደብተር ያዥ | ኅዳር 13

ማሂ፣ ሙያዬ ቁጥር ነውና ትንሽ ልደምርልሽ። እንደናንተ ያለ ቤት በቀን እንዲህ ይበላል ብዬ ነው፦

ፍሪጅ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት። ስድስት ባለ 10 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 0.3። ቴሌቪዥን 80 ዋት ለ4 ሰዓት፣ 0.32። ዋይፋዩ 24 ሰዓት ሙሉ፣ 0.24። ቬንትሌተር ለ6 ሰዓት፣ 0.3። ስልኮች 0.05። ድምሩ 2.4 ገደማ ነው።

አሁን ወደ ብሩ። በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዚያ በፊት የመኖሪያ ቤት ትልቁ እርከን፣ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀመው፣ 2.48 ብር ነበር። እኔ ልለጥጠውና 5 ብር ላድርግልሽ። በወር 360 ብር፣ በዓመት 4,320 ብር ታተርፊያለሽ። ለምሳሌ 200 ሺህ ብር ብታወጪ ወጪሽን ለመመለስ 46 ዓመት ነው። እስከዚያ ባትሪው ስንት ጊዜ ይቀየራል?

አትግዢ እያልኩ አይደለም። የምትገዢው ቁጠባ ሳይሆን መብራት ሲሄድ የማይቆም ቤት ነው፤ ወንድምሽም ብሩን የላከው ለዚያው ይመስለኛል። ዋጋውን በዚያ ዓይን እዪው። የምንዛሪው ሥርዓት ሐምሌ 22፣ 2016 ከተቀየረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አልረጋም፤ ስለዚህ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ወረቀቱ ላይ ይጻፍልሽ።

ማሂ ፍራንኮ | ኅዳር 13

እግዜር ይስጥልኝ። ምጣዱን ግን ረሳኸው። በሳምንት ሁለት ቀን እጋግራለሁ።

ደብተር ያዥ | ኅዳር 13

አልረሳሁም፣ ፈርቼ ነው የተውኩት። ምጣድሽ 3.5 ኪሎዋት ቢሆን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሪ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቤቱ ሌላ ነገር ሁሉ በሁለት ቀን ከሚበላው ይበልጣል።

የሰኞ ሊጥ | ኅዳር 13

ይህንን እኔ ልናገር፣ ያየሁት ነውና። ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር አስገጥሜ የገጠመልኝ ልጅ «ሁሉንም ይሸከማል» ብሎኝ ሄደ። ሰኞ መብራት የለም፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል። ምጣዱን ሰካሁ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አወጣ፤ እልልታ ነበር የቀረኝ። ሁለተኛውን አስፍቼ ስከድን ኢንቨርተሩ ጢጢጢ አለና ቤቱ በሙሉ ጠፋ። አክንባሎውን ስከፍተው ሊጡ እንደ ጭቃ ተኝቷል።

አሁን ምጣዱ፣ ቦይለሩና ካውያው በመስመር ብቻ ነው የሚሠሩት። የሽቦ መስመራቸው ለብቻ ወጥቷል። ሶላሩ ላይ ማንም ተሳስቶ ሊሰካቸው አይችልም። ማሂ፣ እንደዚህ አስደርጊ። መብራት በሄደበት ቀን እንጀራ ይገዛል፣ ምን ችግር አለው።

ዲናሞ | ኅዳር 13

የኔ ጄነሬተር ምጣድ ይሸከማል። 😎

የሰኞ ሊጥ | ኅዳር 13

ቤንዚኑን ደግሞ ሰልፍ ቆሞ ማን ይቀዳልሃል?

አናጺው | ኅዳር 14

ሁላችሁም ስለ ኪሎዋት ታወራላችሁ፣ ጣሪያውን ያነሳ የለም። 14 ዓመት የሆነው ቆርቆሮ ነው ያለችው እኮ!

ማሂ፣ ነገ ፀሐዩ ሲከር ኮርኒሱ ውስጥ ሰው አስገቢ። መብራት ይዞ ይግባ፣ ከዚያ ያጥፋው። ጨለማው ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ኮከብ ካየ ሚስማሩ ላልቷል ወይም ዝጓል ማለት ነው። እንጨቱን በካቻቪቴ ጫፍ ይጫነው። ገባ ካለ ምስጥ ቤቱን ሠርቶበታል። ሞራሌው (ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት) አጣናው ላይ በሚስማር ብቻ ነው ወይስ በሽቦም ታስሯል? እሱንም ይይ።

ሰው ሁሉ ክብደቱን ነው የሚፈራው። ባለ 550 ዋት ፓኔል አንዱ 28 ኪሎ ገደማ ነው፤ አስሩ ከነብረቱ 300 ኪሎ ያልፋል። ደህና ጣሪያ ይሸከመዋል። እኔ የምፈራው ንፋሱን ነው። እኛ ያለነው አዳማ ነው። እነዚያ ኮረብታው ላይ የቆሙት የንፋስ ኃይል ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም፤ የአዳማ ሁለተኛው ፕሮጀክት ብቻ 102 ነው፣ 153 ሜጋዋት። እንዲህ ያለ ንፋስ ባለበት ከተማ 2 ሜትር ከ28 የሚረዝም ጠፍጣፋ ነገር ጣሪያ ላይ ስትዘረጊ ሸራ ሰቀልሽ ማለት ነው። ንፋሱ ከሥር ይገባና ወደ ላይ ያነሳዋል። ብረቱ ቆርቆሮው ላይ ብቻ ከታሰረ ቆርቆሮውን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ብሎኑ ቆርቆሮውን አልፎ ሞራሌው ውስጥ ይግባ። በቀዳዳው ላይ ጎማ ይኑር፣ ሲሊከን ብቻውን በዚህ ፀሐይ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። ፓኔሉ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ይበል፣ ጠርዙ ላይ ንፋሱ ይብሳል። ቆርቆሮው ሊቀየር አንድ ሁለት ዓመት የቀረው ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ቀይሪው። ፓኔሉ 25 ዓመት ዋስትና ይዞ ይመጣል። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ቀድሞት ካረጀ ሁሉን አውርደሽ፣ ቀይረሽ፣ እንደገና መስቀል ነው። ሁለት ጊዜ ትከፍያለሽ።

የሽቦ ሰው | ኅዳር 14

አናጺው፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ልጨምር፣ ፓኔሉ ቆርቆሮው ላይ አይለጠፍ። አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይኑረው፣ አየር ከሥሩ ይለፍ። ሰው ሙቀት ይጠቅመዋል ብሎ ያስባል። የሚጠቅመው ብርሃኑ ነው፣ ሙቀቱ ጠላቱ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 ከመቶ ገደማ ያጣል። የሞቀ ጣሪያ ላይ ፓኔሉ 60 ዲግሪ መግባቱ ብርቅ አይደለም። ያኔ 12 ከመቶው ሄደ።

የጓሮ ማንጎ | ኅዳር 14

ግድቡ ጳጉሜ 4፣ 2017 ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋዋት እያለን ጣሪያ ላይ መስታወት መስቀል ምን የሚሉት ነው? ትንሽ ጠብቂ፣ መብራቱ ይስተካከላል።

ደብተር ያዥ | ኅዳር 14

ወንድሜ፣ ግድቡ የሁላችንም ኩራት ነው። የማሂን ሥጋ ያበላሸው ግን የሰፈሯ ትራንስፎርመር ነው። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ሞልቶ ቧንቧው ከተሰበረ ባልዲህ ባዶ ነው።

የጓሮ ማንጎ | ኅዳር 14

ይሁን፣ ተረታሁ። ጥላ ግን አስቡበት። እኔ ስሜን የሰጠኝ ማንጎ ከ9 ሰዓት በኋላ ጣሪያዬን ግማሽ ያለብሰዋል።

ታቦር ሥር | ኅዳር 15

ከሐዋሳ ነኝ። የጓሮ ማንጎ፣ አንተ ጥላ ትላለህ፣ እኔ አባ ኮዳ አለብኝ። ዓሣ በልቶ መጥቶ ፓኔሌ ላይ የሚያደርገውን ባሳየኋችሁ! አንድ ሰሞን ኃይሉ ቀነሰብኝ፣ ኢንቨርተሩ ነው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። ወጥቼ ሳይ አንዱ ፓኔል ጥጉ ላይ ነጭ ተለስኗል። ፓኔሎቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተቀጠሉ ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌሎቹንም ይጎትታል። የማጽጃ መንገድ ሳታስቡ እንዳትሰቅሉ። እኔ መሰላሌ የሚደርስበት ቦታ አልነበረም።

የሽቦ ሰው | ኅዳር 15

አዳማ ላይ አባ ኮዳው እንኳ ቢቀር አቧራው ይበቃናል። ከጥቅምት ጀምሮ በጋውን ሙሉ ይነፍሳል። በሁለት ሳምንት አንዴ ጠዋት በማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ። ቀትር ላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፊ። የጉድጓድ ውሃም ባይሆን ይመረጣል፣ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል።

አቅጣጫን ማንም አልጠየቀም፣ እኔው ልናገር። አዳማ ከምድር ወገብ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በታህሳስ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ደግሞ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ግን ሰኔና ሐምሌ ደመና ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ማለት ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦት ይወርዳል። የማሂ ጣሪያ ኤል ስለሆነ አንዱ ክንፍ ይመቻል ብዬ እገምታለሁ። ከጎንሽ ክፍት ቦታ ካለ ደግሞ ባለቤቱን ስንት ፎቅ ሊሠራ እንዳሰበ ጠይቂው። ቀልዴን አይደለም። በደቡብ በኩል ጂ ፕላስ ቱ ከቆመብሽ ለቅሶ ነው።

ማሂ ፍራንኮ | ኅዳር 15

በደቡብ በኩል ያሉት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። እሳቸው እንኳን ፎቅ፣ ዶሮ ቤታቸውንም አልጨረሱም። 😂

ቦኩ በር | ኅዳር 16

ዘግይቼ ገባሁ። ባትሪ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ የገጠመልኝን ሰው ስም አልጠራም።

«ሁለት መቶ አምፒር ሰዓት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ትጠቀማለህ» ተብዬ አንድ ባለ 12 ቮልት አሲድ ባትሪ ገዛሁ። 12 በ200 ሲባዛ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያምራል። ለካስ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግመህ ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ያለኝ 1.2 ነበር፤ ያ ፍሪጅ ብቻውን የሚበላው ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳወርደው ከረምኩ።

ያስቀመጥነው ደግሞ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል። ከሰዓት በኋላ እዚያ ክፍል ስትገባ ቆርቆሮው ፊትህን ይጋግረዋል። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ ጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላሉ። የኔው በ14ኛ ወሩ ሆዱ ተነፋ። ስደውል «ዋስትናው ኢንቨርተሩን ነው እንጂ ባትሪውን አይመለከትም» ተባልኩ። ደረሰኜን አገላብጬ አየሁት። «ሙሉ ሶላር ዕቃ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለበትም።

ማሂ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ፣ በሞዴሉና በሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። ዋስትናውም ለየብቻው። ባትሪው ሊቲየም ቢሆን ይሻላል፤ ይወደዳል፣ ግን አብዛኛውን አቅሙን ሳትሳቀቂ ትጠቀሚበታለሽ። ቤት ውስጥ ቀዝቃዛው ግድግዳ ጋ አስቀምጪው። የአሲድ ከሆነ ግን ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይገባም።

የሽቦ ሰው | ኅዳር 16

ቦኩ በር፣ አይዞህ፣ ብዙ ሰው ነው እንደዚያ የተበላው።

የመጨረሻ ነገር ብዬ ልውጣ፣ ይህቺን ግን አትለፉብኝ። የፓኔል ኤሌክትሪክ እንደ ቤቱ አይደለም። የአንዱ ወደ 50 ቮልት ይጠጋል፤ አሥር ሲቀጠል 500። ሲበጠስ ወይም ሲላላ የሚፈጠረው እሳት እንደ ቤቱ መስመር ቶሎ አይጠፋም። ቆርቆሮው ሥር ደግሞ ያለው እንጨት ነው። ለዲሲ፣ ማለትም ከፓኔሉ ለሚወጣው ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ የተሠራ ብሬከር መግባት አለበት። የተራውን ሶኬት ብሬከር እዚያ የሚገጥም አይቻለሁ። ኬብሉም ፀሐይ የሚችለው የሶላር ኬብል ይሁን። ብረቱና ፓኔሉ ግራውንድ ይደረጉ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዙ፤ የአዳማ አፈር በበጋ ደረቅ ስለሆነ አንድ አጭር ብረት ቸክሎ መሄድ አይበቃም፣ ይለካ። የሚገጥመው ሰው የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ አለው? አሳየኝ በዪው፣ ነውር የለውም።

ማሂ ፍራንኮ | ጥር 20፣ 2018

ቤተሰቦች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ኮርኒሱ ውስጥ የሰርቪሱን ተከራይ አስገባሁት። መብራቱን አጥፍቶ ዝም አለ። «ምን አየህ?» ስለው «እትዬ ማሂ፣ ሰማዩ ነው የሚታየው» አለኝ። በመንገድ በኩል ሁለት ሞራሌ ምስጥ ጨርሶታል፤ በካቻቪቴ ሲነካው ዱቄት ሆነ። 10 ፓኔል የሚሰቀልበት ቦታ እሱ ነበር።

ሻጩን «መሰላል ይዘህ ና» ብለው «ልምድ አለኝ፣ በዓይኔ አውቃለሁ» አለ። የኢንቨርተሩን ሞዴል የጠየቅኩት እስካሁን አልተላከም። ተውኩት።

ወንድሜን ማሳመን ነበር የከበደኝ። «እዚህ እኮ» እያለ ሁለት ቀን ተከራከረኝ። የደብተር ያዥን ሂሳብ በፎቶ ላኩለት። ሲደውል ድምፁ ቀነስ ብሏል። «46 ዓመት? ያኔማ እኔም አንቺም የለንም» አለ። ከዚያ የብሩን ከፊል ለቆርቆሮው አደረግነው።

የመንገዱ በኩል ቆርቆሮና እንጨት ተቀየረ። ሌላ ልጅ መጣ፣ መሰላል ይዞ። የፍሪጁን ጀርባ ሳይቀር አንብቦ ጻፈ። በደቡብ በኩል 4 ፓኔል ገጠመ፣ አንድ ባለ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ ሃይብሪድ ኢንቨርተር። «በክረምት ደመና ሲሶው ብቻ ቢወጣ እንኳን ፍሪጅሽንና አምፖልሽን ይይዛል» ብሎኛል። ሐምሌ ላይ እንተያያለን። ምጣዱና ቦይለሩ በመስመር ብቻ። ባትሪው ኮሪደር ላይ ነው፤ ልጄ ሻሽ አልብሳዋለች፣ አየር ይፈልጋል ብዬ አወለቅኩት።

ከትናንት ወዲያ ማታ መብራት ሄደ። እኛ አላወቅንም። ያወቅነው እማማ አጥር ላይ ሆነው «የናንተ ብቻ ለምን በራ?» ሲሉ ነው። ክትባት የሚፈልጉ ጫጩቶች ስላሏቸው ሌሊቱን መድኃኒቱን ፍሪጃችን ውስጥ አስቀመጡ። አሁን የፍሪጁ በር ላይ ካለው ወተት ጎን የዶሮ መድኃኒት አለ።

የሰኞ ሊጥ | ጥር 20

እሰይ! እንጀራውስ?

ማሂ ፍራንኮ | ጥር 20

ያን ቀን ገዛን። ትንሽ ቆምጧል።

ዲናሞ | ጥር 21

ማሂ፣ ያ መሰላል ይዞ የመጣው ልጅ አሮጌ ጄነሬተር በቅያሪ ይወስዳል ወይ? ለጓደኛዬ ነው።